«ሙዚቀኛ ምን ይበላል?» ላለው አባት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው። ልጅሽ 12 ዓመቷ ነው፤ ቫዮሊን ከጀመረች ዓመት ሆኗታል፤ አሁን «ሥራዬ የሚሆነው ይሄ ነው» ማለት ጀምራለች። አባቷ «ሙዚቀኛ ምን ይበላል?» ብሎ ተቆጥቷል። አንቺ ደግሞ «ድሬዳዋ ላይ በቫዮሊን የሚኖር ሰው አለ? ኑሮውስ ምን ይመስላል?» ብለሻል፤ ሴት ልጅ መሆኗንም አንስተሻል። ከሥር የተጻፉትን መልሶች አነበብኳቸው። ግማሹ «ፍላጎቷን አትግደሉባት» ይላል፣ ግማሹ «ሕክምና ትማር» ይላል። ቫዮሊን ይዞ የሚያውቅ ግን ከመሃላቸው ያለ አልመሰለኝም። እኔ ከያዝኩት 20 ዓመት አልፎኛል፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ድሬ ስለሆንን «አንቺ» ብዬሻለሁ፤ እዚህ «እርስዎ» መባባል ከጀመርን እንግዳ እንመስላለን።

ለአባትየው አጭር መልስ፦ ሙዚቀኛ ሰርግ ላይ የቀረበለትን ይበላል። ቀልዴን ነው። እውነትም ግን አለበት፤ እመለስበታለሁ።

እኔ የጀመርኩት በ17 ዓመቴ ነው። ለቫዮሊን ይሄ ሽምግልና ነው፤ ልጅሽ በስድስት ዓመት ትቀድመኛለች። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ከሬዲዮና ከቬንትሌተር ጋር ተደርድሮ አየሁት። ሻጩም ምን እንደሆነ አያውቅም፣ «ትንሽ ጊታር ነው» አለኝ። ቀስት የለውም። ካሉት አራት ክሮች አንዱ ተበጥሷል። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ሰጥቼ ገዛሁት። ቤት ስገባ እናቴ «ጫማውስ?» አለችኝ። ብሩ የጫማ ነበር።

አራት ወር ያህል በጣቴ እንደ ክራር እየነካካሁ ተጫወትኩበት። ከዚያ ሰፈራችን ሰርግ ሊመታ የመጣ አንድ አዝማሪ አየኝና ሳቀብኝ። ስቆ ሲያበቃ አሮጌ የማሲንቆ ቀስቱን ሰጠኝ። የማሲንቆ ቀስት እንደ ደጋን የጎበጠ ነው፤ የቫዮሊኑ እንጨት ደግሞ ወደ ጭራው ገባ ያለ ነው። ሁለቱም ላይ የሚወጠረው ግን የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ብቻውን ክር ላይ ቢሄድ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ክሩን ያዝ ለቀቅ እንዲያደርገው ሙጫ ይቀባል። የቫዮሊን ሰዎች ከጥድ ሙጫ የሚሠራ ሮዚን ይጠቀማሉ። ያ አዝማሪ የሚቀባው ዕጣን ነበር። እኔም ዕጣን ቀባሁ። እናቴ ለቡና የምትገዛው ዕጣን ቶሎ ቶሎ ሲያልቅባት መጀመሪያ ጎረቤት ነበር የጠረጠረችው።

ያ ቫዮሊን የልጅ ቁጥር እንደነበር ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። ቫዮሊን እንደ ጫማ ነው፤ ሩብ አለ፣ ግማሽ አለ፣ ሦስት አራተኛ አለ፣ ሙሉ አለ። የኔ ሦስት አራተኛ ነበር፤ በትልቅ ጣቶቼ ነበር የምታገለው። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር እዪልኝ። ልጅሽ ቫዮሊኑን አገጯ ሥር ትያዝ፣ ግራ እጇን ትዘርጋ። የቫዮሊኑን የተጠቀለለ ጫፍ በመዳፏ ጨበጥ ማድረግ ከቻለች ልኳ ነው። እጇ ተወጥሮ በጣቷ ጫፍ ብቻ ከደረሰች ትልቅ ነው። «ታድግበታለች» ብሎ ትልቅ መግዛት ለዩኒፎርም ይሆናል፤ ለቫዮሊን ግን አይሆንም፤ የእጅ አንጓ ያበላሻል።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባሁ። በኔ ጊዜ ፈተናው በዋናነት ጆሮ ነበር። ፒያኖ ላይ አንድ ድምፅ ይነካል፣ በአፍ ትደግሚዋለሽ። ምት ይጨበጨባል፣ አጨብጭበሽ ትመልሺዋለሽ። እሱን አለፍኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን መምህሬ ቀስት አያያዜን አየና ቀስቱን ከእጄ ወሰደው። «እስካሁን የተማርከውን እንዳልተማርክ ቁጠረው» አለኝ። ሦስት ወር ባዶ ክር ብቻ ሳብኩ። ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፤ የአራቱ ክሮች ስም ነው። ግራ እጄ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «ያንን በር ዘይት ቀባው» ይሉኝ ነበር።

ሰው ቫዮሊን ሲያይ የግራ እጅ ጣቶችን ነው የሚያየው። ድምፁ ያለው ግን ቀኝ እጅ ውስጥ ነው። ቀስቱ ምን ያህል ፈጠነ፣ ምን ያህል ተጫነ፣ ክሮቹን ከተሸከመው በርኩማ ምን ያህል ራቀ። ሦስቱ ናቸው። አንዱ ሲዛባ ወይ ይጮኻል ወይ ይታፈናል። ልጅሽ ቤት ውስጥ የምታሰማችሁ ጩኸት ከዚያ የሚመጣ ነው፤ አብሽሪ፣ ያልፋል። በሁለተኛው ዓመት ይቀንሳል።

ተመርቄ ድሬ ስመለስ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር። ኮንሰርቶ የሚባለውን ረጅም የፈረንጅ ድርሰት እጫወታለሁ፣ ኖታ እያየሁ በቀጥታ አነባለሁ። የሚቀጥረኝ ኦርኬስትራ ግን አላገኘሁም። በወሩ አንድ ባንድ ለሰርግ ጠራኝ። ዘፋኙ የኦሮምኛ ዘፈን አነሳ። ወደ ኪቦርዱ ዞሬ «ኖታው የታለ?» አልኩ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ሌሊት አንዱንም ዘፈን በቅጡ አልያዝኩም። ቫዮሊኔን ይዤ አጅቤ ቆምኩ ማለት ይቀላል። ያ ባንድ ለስድስት ወር አልጠራኝም፤ ልክ ነበሩ።

ለአባትየው ንገሪልኝ የምለው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ድሬ ላይ ቫዮሊን የሚያበላው የአገሩን ዘፈን ስትጫወቺበት ነው። ትምህርት ቤት ጣት ይሰጥሻል። ጆሮውን ግን ሰርግ ቤት ነው የምትማሪው።

ለምን መሰለሽ። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። ወረቀት ላይ ብትጽፊያቸው ሕፃን ያነባቸዋል። ኪቦርድ ድምፆቹን ፋብሪካ ውስጥ በ12 እኩል ቦታ ተከፋፍለው ነው ይዞ የሚመጣው። ማሲንቆ የሚመታውና ነፍስ ያለው ዘፋኝ ግን እዚያው ቦታ ላይ አይቆሙም። አምባሰል ላይ ሁለተኛዋን ድምፅ ከኪቦርዱ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ያደርጓታል። የዘፈኑ ሆድ የሚያባባውም እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ጊታር አንገቱ ላይ በብረት የተከፋፈለ ስለሆነ ምርጫ የለውም። ቫዮሊን ግን አንገቱ ልሙጥ ነው፤ ጣትሽን የትም ማሳረፍ ትችያለሽ። ስለዚህ መድረክ ላይ በየደቂቃው ትወስኛለሽ፦ ዘፋኙን ልከተል ወይስ ኪቦርዱን? እኔ ዘፋኙን ነው የምከተለው። ኪቦርድ ተጫዋቾች በዚህ አይወዱኝም።

የድሬ ደግሞ ይብሳል። አንድ ሰርግ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ ሊጠየቅ ይችላል። አንጋፋው ዓሊ ቢራ የተወለደው እዚሁ ነው፤ በ1950ዎቹ ገና ልጅ ሳለ አፍራን ቀሎ በሚባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ውስጥ መዝፈን የጀመረውም እዚሁ ነው። ኡድ የሚባለውን በጣት የሚነካ የክር መሣሪያ ይዞ ያሳደገው ዜማ ነው ዛሬም ሰርጋችን ላይ የሚጠየቀው። ኡዱ የሚነካውን በቀስት ለማምጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ኡድ ድምፁ ተነክቶ ይሞታል፤ ቀስት ግን ያስረዝመዋል። የማይረዝመውን ማስረዘም ዘፈኑን ያቆሽሸዋል። ሐረር ስትሄጂ ደግሞ ከረቡ የሚባለው ከበሮና የእንጨት ማጨብጨቢያው ምቱን ይዘውታል፤ ያኔ ዝም ብሎ መስማት ሙያ ነው።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ዘፈኑን መጀመሪያ በአፌ እዘፍነዋለሁ፣ ቃሉ ባይገባኝም። ባጃጅ ውስጥ፣ ሻወር ቤት፣ ጀበና ቡና ጋ። አፌ ላይ ሲደላደል ነው ቀስት የማነሳው። አሁን ለተማሪዎቼም እንደዚያው ነው የማስተምረው። ልጅሽም መጀመሪያ ትዝፈንልኝ እላለሁ።

(በነገራችን ላይ፣ «ቫዮሊን ለምን የኛ አይመስልም?» ብሎ ከሥር የጠየቀ ልጅ አለ። ዘመናዊው ሙዚቃ እኛ ጋ በዋናነት የገባው በጡሩንባ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አይተው ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ። ከዚያም ሙዚቃው በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ባንዶች አደገ። ቫዮሊን እየነኩ ደግሞ ሰልፍ አይወጣም። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ይሄን ያህል ቀላል ነው። በቀስት የሚመታ መሣሪያ ግን ለኛ ባዕድ አይደለም፤ ማሲንቆ አለን።)

ሥራዬን በእግሩ ያቆመልኝ መብራት መጥፋቱ ነው ብልሽ ትስቂያለሽ። ሐረር አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ አዳራሹን ሲረግጡ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ሞተ፣ ማይኩ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ። ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ። እኔ ቫዮሊኑን ይዤ ከመድረክ ወረድኩ። ከበሮ የያዘው ልጅ ተከተለኝ። ሰዉ በስልኩ መብራት አበራ። ሩብ ሰዓት ያህል ሙሽሮቹን ከበን ሰዉ እየዘፈነ፣ እኔ እየተከተልኩ ሄድን። ጄኔሬተሩ ሲነሳ «አጥፉት» ያለ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኬ መጮኽ ጀመረ። አሁን አብዛኛው ሰርግ የሚጠራኝ ለሙሽራ አገባብ ነው። ከባንዱም ጋር አጅባለሁ፤ ገንዘቡ ግን ያለው መግቢያው ላይ ነው።

ቀኔ ይሄን ይመስላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ። የአምልኮ ጉዳይ አይደለም፤ የሙቀት ጉዳይ ነው። እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ልምምድ። ግማሽ ሰዓት ረጃጅም ቀስት፣ ከዚያ ስኬል፣ ከዚያ ቅኝት፣ መጨረሻ የሳምንቱ ዘፈኖች። ኮንሰርቶዬን ዛሬም እነካዋለሁ፣ ማንም አይከፍለኝም፤ ለራሴ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ድሬ እንደምታውቂው ይዘጋል። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል። እኔም እተኛለሁ፤ ማታ ሥራ አለኛ። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ተማሪዎች ይመጣሉ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሆቴል።

ከሰዓት በርጫ ላይ ብዙ ሥራ ይገናኛል። ልደብቅሽ አልፈልግም፤ የኛ ሙያ ከጫት ጋር ተጎራብቶ ነው የሚኖረው። እኔ አልቅምም። ጽድቅ ፈልጌ አይደለም፤ ቀስቴ ይንቀጠቀጥብኛል። አንዳንዴ ሄጄ ውኃ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ዘፈን እሰማለሁ፣ ቀጠሮ ይዤ እወጣለሁ።

ዓመቱ ደግሞ በጾም ነው የሚከፋፈለው። የኦርቶዶክሱ ሰርግ ጥር ላይ ይጎርፋል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይፈነዳል። የሙስሊሙ በረመዳን ይቆማል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሰራል፤ ድሬ ለሙዚቀኛ የምትመቸውም ለዚህ ነው። በ2016 ግን ሁለቱም ጾሞች በአንድ ቀን ገቡ፣ መጋቢት 2። በሚቀጥሉት ዓመታትም በቀናት ልዩነት ነው የተከታተሉት። ሰርግ የለም ማለት ነው። ያን ጊዜ የኖርኩት በተማሪዎቼና በሚስቴ ደመወዝ ነው። ሚስቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ይሄን የምጽፈው አባትየው እንዲያነበው ነው፤ «በቫዮሊን ብቻ ቤት አስተዳድራለሁ» ብዬ ብምል ውሸት ይሆናል። የቤት ኪራዩን ተማሪ ይከፍላል፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ሰርግ ይከፍላል፣ ሌላውን ተባብረን ነው። አልፎ አልፎ ስቱዲዮ እጠራለሁ፤ አንዱን ዜማ ሦስት አራት ጊዜ ደራርቤ እቀዳዋለሁ፣ ሲሰማ ብዙ ሰው ይመስላል። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ በየወሩ ይለወጣል።

ቀብድ ሳልቀበል ግን ከቤት አልወጣም። አንድ የምሽት ቤት ሁለት ወር አጫውቶኝ «ባለቤቱ ሲመጣ» እያለ አስቀርቶብኛል። የልጅሽ የመጀመሪያ ትምህርት ይሄ ይሁን።

አሁን ስለ ዕቃው። ሙቀቱ ለኛ ብቻ አይደለም። ግንቦትና ሰኔ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ መቃኛዎቹ ይላላሉ፣ ጠዋት ሳጥኑን ስትከፍቺ አራቱም ክር ተኝቶ ታገኚዋለሽ። እኔ የሳሙና መያዣ ቀድጄ እርጥብ ስፖንጅ ከትቼ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ስፖንጁ ይጨመቅ እንጂ ውኃ አይንጠባጠብ። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው፤ ሙቀት ያላላዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ትታው ከሄደች ጎኑ ተከፍቶ ይጠብቃታል። ሐረር ስወጣ ደግሞ በተቃራኒው ነው። 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ የደንገጎን ዳገት ስታልፊ ግን አየሩ ሌላ ነው። ብርዱ ብረቱን ክር ይወጥረዋል፣ ኢ ወደ ላይ ይሾላል። ስለዚህ ከሰዓቴ ቀድሜ ደርሼ ሳጥኑን ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ፣ አየሩን ይልመድ ብዬ፤ ከዚያ ነው የምቃኘው።

የራሴን ጅልነት ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አራቱንም ክር በአንዴ ፈትቼ ልቀይር ተቀመጥኩ። ቫዮሊን ሆዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ የእንጨት ምሰሶ አለች። በሙጫ አልተጣበቀችም፤ የቆመችው በክሮቹ ጫና ነው። ፈረንሳዮች «ነፍስ» ነው የሚሏት። ክሩ ሁሉ ሲላላ ቀጭ ብላ ወደቀች። ስትወድቅ ሰማኋት። በማግስቱ ሰርግ ነበረኝ። እዚህ የሚያቆምልኝ ሰው አላገኘሁም፤ ሰርጉን በተውሶ ቫዮሊን ተጫውቼ፣ የራሴን ይዤ አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ሄድኩ። ለአምስት ደቂቃ ሥራ ሁለት ቀን መንገድ። አሁን ራሴ የማቆምበት የተቆለመመ ብረት አለኝ። ለልጅሽ ግን ንገሪያት፦ ክር ሲቀየር አንድ በአንድ።

ሰውነትም ዕቃ ነው። አገጬ ሥር ጠባሳ የሚመስል ጥቁር ምልክት አለ፤ ሰው በሽታ ይመስለዋል። ያሬድ እያለሁ ለፈተና ብዬ በቀን ስድስት ሰዓት ተለማምጄ የግራ እጄ ጅማት አበጠ። አራት ወር ቫዮሊን አልነካሁም። ለ12 ዓመት ልጅ በቀን አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ በቂ ነው። ያመኛል ካለች ወዲያው ታቁም። «ቻይው» አትበያት።

ሴት ልጅ መሆኗን ስላነሳሽ ይሄንንም ልጨምር። የማታ ሥራ እኩለ ሌሊት ነው የሚያልቀው። ሴት ተማሪዎቼ ሥራ ሲይዙ ከክፍያው ጋር መመለሻ መኪናውን አብረው ነው የሚዋዋሉት። «ባጃጅ ታገኛለሽ» የሚል አሠሪ ከሆነ ሥራው ይቅርበት። የቀን ሥራም አለ፤ ምርቃት፣ መልስ፣ ማስተማር። ከተማሪዎቼ አንዷ ዛሬ ከኔ የበለጠ ልጆች ታስተምራለች፤ እናቶች ለሴት ልጆቻቸው እሷን ይመርጣሉ። ቅናት አለብኝ፣ አልዋሽም።

እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርቷን አትልቀቅ። ያሬድ መግባት ከፈለገችም ውጤቱ ያስፈልጋታል። እስከዚያ ገና ዓመታት አሏት፤ ለመወሰን የሚያጣድፋችሁ ነገር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ነፃ ነኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አምጫት፤ ለማየት አላስከፍልም። አባቷም ይምጣ፣ ጥያቄውን ለኔ ይጠይቀኝ። ቫዮሊኑን የባጃጁ ኋላ መቀመጫ ጀርባ እንዳታስቀምጡት፣ ልጅቷ ጭኗ ላይ ትያዘው። ከቤት የምትሰማውን አንድ ዘፈንም አፏ ላይ ይዛ ትምጣ፣ የፈለገችው ቋንቋ ይሁን።